ጌሚንግ ላፕቶፕ በደጋ አገር፦ ስለ ግራፊክስ መዳከምና ስለ ምርመራው ሥርዓት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከሮቤ በስተ ሰሜን ምዕራብ በባሌ ደጋ ላይ የምትገኘው አጋርፋ ስሟ በአገር የታወቀው በስንዴዋና በደርግ ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ገበሬዎችን ያስተምር በነበረው ማሠልጠኛዋ ነው። ዛሬ በዚሁ ደጋ፣ በአጋርፋም ሆነ በሮቤና በጎባ፣ ከኮምባይነሩና ከትራክተሩ ሌላ ጥገና የሚሻ አንድ አዲስ መሣሪያ ገብቷል፤ ይኸውም ጌሚንግ ላፕቶፕ የሚባለው ነው። ባለቤቱ ጨዋታ ወዳድ ወጣት ብቻ አይደለም። የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ተማሪ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ፣ ካርታ የሚያዘጋጅ የመሬት ቢሮ ሠራተኛ ጭምር ይህንኑ መሣሪያ ይመርጣል፤ ምክንያቱም ብርቱ ግራፊክስ ካርድ ያለው እርሱ ስለሆነ ነው። ብዙውን ጊዜ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ወይም ያገለገለ ሆኖ የሚመጣ፣ የብዙ ወር ደመወዝ የፈሰሰበት ንብረት ነው።

ይህ መሣሪያ ሲደክም ምልክቱ አንድ ይመስላል፤ ሥዕሉ ይንቀረፈፋል፣ ይቆራረጣል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ምክንያቱ ግን ብዙ ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ በሙያው ውስጥ ሳይመረመሩ የሚሰጡ ሁለት ፍርዶች ተለምደዋልና። አንደኛው «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ካርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ፍርድ የተማሪው የመመረቂያ ሥራ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ በሁለተኛው ፍርድ ጤነኛ መሣሪያ በርካሽ ተሸጦ ይቀራል። ስለሆነም የምርመራ ቅደም ተከተል ማወቅ የእውቀት ጌጥ ሳይሆን የሰውን ንብረት የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ማስታወስ ይጠቅማል። ሥዕሉ ለዓይን እንዲለሰልስ ካርዱ በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ አዲስ ምስል ማቅረብ ካለበት፣ ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ዋናው ፕሮሰሰር ትእዛዙን ያዘጋጃል፣ ራሙ መረጃውን ያቀብላል፣ ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን ይሥላል፤ ኤሌክትሪኩ ሁሉንም ይመግባል፣ ማራገቢያው የሁሉንም ሙቀት ያወጣል። ከእነዚህ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ሥራ ፈት ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የተንቀረፈፈ ሥዕል ሁልጊዜ የካርዱ ጥፋት አይደለም።

የመጀመሪያው መሣሪያ ጥያቄ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ደንበኛው በዝግታ ሊጠየቅ ይገባዋል። ድካሙ መሣሪያው ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ የነበረ ነውን? ወይስ በአንድ ቀን ድንገት መጣ? ወይስ ከወር ወደ ወር እየባሰ ሄደ? ከመጀመሪያው የነበረ ድካም ወደ መሣሪያው አቅም ያመለክታል። ድንገት የመጣ ድካም ወደ ቻርጀር፣ ወደ ድራይቨር ወይም ወደ ማስተካከያ ለውጥ ያመለክታል። ቀስ በቀስ የመጣ፣ በተለይም መሣሪያው ሲከፈት ደኅና ሆኖ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ የሚወድቅ ድካም ግን የሙቀት ነገር ነው።

በዚሁ ጊዜ አንድ የተለመደ መደናገር መለየት አለበት። ደንበኛው «ላግ» ሲል የኢንተርኔት መዘግየትን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ለስላሳ ሆኖ ተጫዋቾቹ ብቻ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ከሆነ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጨዋታም ያለ እንከን የሚሄድ ከሆነ፣ ጉዳዩ የመስመሩ እንጂ የካርዱ አይደለም። ለዚህ የሚከፈል የጥገና ዋጋ የለም።

ቀጥሎ የሚመረመረው ኤሌክትሪኩ ነው። ጌሚንግ ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ባትሪው ሙሉውን ኃይል ሊያቀርብለት ስለማይችል ካርዱ ሆን ብሎ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ጉድለት ሳይሆን የአሠራሩ ሕግ ነው። መብራት ሲቋረጥ ወይም ሶኬቱ ሲላላ ባለቤቱ ሳያስተውለው በባትሪ ሊቀጥል ይችላል። ከዚህ የከፋው ግን የቻርጀር ለውጥ ነው። የመጀመሪያው ቻርጀር ሲበላሽ ጫፉ የሚገባለት ሌላ ቻርጀር ከገበያ ይገዛል። 180 ወይም 230 ዋት የሚሻ መሣሪያ በ65 ወይም በ90 ዋት ቻርጀር ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ባትሪውም ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ጨዋታ ሲከፈት ግን መሣሪያው በረኃብ ይሠራል። አንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ የቻርጀሩን ማንነት በመካከለኛው ቀጭን ሽቦ በኩል ካላወቀ ፍጥነቱን እጅግ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ በቻርጀሩ ጀርባ የተጻፉትን ቮልትና አምፔር አባዝቶ ከመሣሪያው ፍላጎት ጋር ማስተያየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ብዙ መፍታትንና መግጠምን ያድናል። የዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ማስተካከያም በቁጠባ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ በዚሁ ጊዜ ይታያል።

ሦስተኛው ጥያቄ «የሚሠራው የትኛው ካርድ ነው?» የሚል ነው። በአብዛኛው ጌሚንግ ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ግራፊክስ አለ፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተዋሐደ ቆጣቢ ነው፣ ሌላው ራሱን የቻለ ብርቱ ነው። ኤንቪዲያ በ2010 እ.ኤ.አ. ኦፕቲመስ ብሎ ያወጣው ዘዴ ሥራው ቀላል ሲሆን በቆጣቢው፣ ሲከብድ በብርቱው እንዲሠራ ያደርጋል። ዘዴው ባትሪ ይቆጥባል፤ ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ከባዱን ጨዋታ ወይም የንድፍ ፕሮግራም ለቆጣቢው ካርድ ይተወዋል። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ጨዋታው በሚሠራበት ጊዜ ሸክሙ በየትኛው ላይ እንዳለ ይታያል። በቆጣቢው ላይ ከሆነ በዊንዶውስ የግራፊክስ ማስተካከያ ውስጥ ለዚያ ፕሮግራም ብርቱውን ካርድ መምረጥ ይበቃል። መሣሪያውን መፍታት አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ወደ ልኬት ይገባል። ባለሙያው ጨዋታውን ከፍቶ ለ20 ደቂቃ ያህል የካርዱን ሸክም በመቶኛ፣ ፍጥነቱን በሜጋ ኸርዝ፣ ሙቀቱን በዲግሪ፣ የሚወስደውንም ዋት ይከታተላል። ከልኬቱ ሦስት ፍርድ ይወጣል። የካርዱ ሸክም በ50 ከመቶ አካባቢ ቆሞ ሥዕሉ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ካርዱ ሥራ ፈት ሆኖ እየጠበቀ ነው፤ ምክንያቱ በፕሮሰሰሩ፣ በራሙ ወይም ከበስተጀርባ በሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ይፈለጋል። ሸክሙ ወደ 99 ከመቶ ደርሶ ፍጥነቱ ግን ከተለመደው እጅግ ወርዶ ከተገኘ ካርዱ በሙቀት ወይም በኃይል እጥረት ታስሯል። ሸክሙም ሙሉ፣ ፍጥነቱም ሙሉ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የተጠየቀው ከአቅሙ በላይ ስለሆነ የጨዋታውን የሥዕል ጥራት መቀነስ እንጂ ጥገና የለውም።

ስለ ሙቀት ሲነሣ የባሌ ደጋ የራሱ ነገር አለው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አጋርፋም በዚሁ ደጋ ላይ ናት። በመደበኛ ስሌት በባሕር ጠረፍ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.225 ኪሎ ግራም ሲመዝን በ2,500 ሜትር ከፍታ 0.957 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ይህም ወደ 78 ከመቶ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር የሳሳ በመሆኑ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ከዚህ የተነሣ «መሣሪያው ለደጋ አልተሠራም» የሚል ሰበብ ይሰማል። ሒሳቡ ግን ሰበቡን አይደግፍም። በጠረፍ ከተማ በ35 ዲግሪ የገባ አየር መሣሪያውን ሲያቀዘቅዝ በ25 ዲግሪ ቢሞቅ በ60 ይወጣል። በደጋው በ18 ዲግሪ የገባው ሳስቶ በ32 ዲግሪ ቢሞቅ የሚወጣው በ50 ነው። ከፍታው የወሰደውን ብርዱ ከነወለዱ ይመልሳል ማለት ነው። እንግዲህ በአጋርፋ አንድ ላፕቶፕ በሙቀት የሚታሰር ከሆነ ጥፋተኛው ከፍታው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የአየሩ መንገድ መዘጋት ነው።

የሚዘጋውም አቧራና እብቅ ነው። በባሌ ገና እና ቦና የሚባሉ ሁለት የእርሻ ወቅቶች ስላሉ አዝመራው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል፤ ኮምባይነር በሚሠራበት ሰሞን ደቃቅ ገለባና አቧራ በመስኮት ይገባል። የኮምባይነር ኦፕሬተር ሞተሩ ሲግል ሞተሩን አያወግዝም፤ አስቀድሞ ራዲያተሩን የሸፈነውን እብቅ ይጠርጋል። ላፕቶፕም በማራገቢያው ፊት እንደ ራዲያተር የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ክንፎች አሉት፤ በመካከላቸውም አቧራ እንደ ሱፍ ጨርቅ ይነጠፋል። ከእያንዳንዱ አጨዳ በኋላ አንድ ጊዜ ማጽዳት ለዚህ አገር የሚስማማ ልማድ ነው።

ማጽዳቱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። መሣሪያው ጠፍቶ ከቻርጀሩ ይነቀላል፣ ከተከፈተም በኋላ የባትሪው መስመር ይለያል። አየር ሲነፋ የማራገቢያው ክንፍ በጣት መያዝ አለበት፤ ያለ ገደብ ከዞረ መዞሪያው ይጎዳልና። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ውሃ ስለሚተፋና ግፊቱም ስለሚበዛ አይመከርም። የሙቀት ማስተላለፊያው ብረት ከተነሣ አሮጌው ቴርማል ፔስት ተጠርጎ አዲስ በስሱ ይቀባል፤ በሜሞሪ ቺፖቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ንጣፎች ከተቀደዱ በዚያው ውፍረት ይተካሉ። ውፍረቱ ከተሳሳተ ብረቱ ከዋናው ቺፕ ላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ መሣሪያውም ከጥገናው በፊት ከነበረው ይብሳል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደካማ የነበረ መሣሪያ ደግሞ ሌላ ማብራሪያ ይሻል። በላፕቶፕ ላይ የካርድ ስም ብቻውን አቅምን አይናገርም። ለምሳሌ አርቲኤክስ 3060 የተባለው የላፕቶፕ ካርድ እንደ አምራቹ ምርጫ ከ60 እስከ 115 ዋት በሚደርስ ኃይል ይሠራል፤ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ላፕቶፖች ጉልበታቸው የተራራቀ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ራሙም በአንድ ቺፕ ሰሌዳ ብቻ ከሆነ መረጃው በአንድ መስመር ይጓዛል፤ ሁለተኛ ተመሳሳይ ሰሌዳ ሲጨመር መንገዱ እጥፍ ይሆናል። ይህ ከካርድ ለውጥ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የሆነና ብዙ ጊዜ ባለቤቱን የሚያስደስት መፍትሔ ነው።

ድራይቨርን በሚመለከት፣ ድካሙ ከዊንዶውስ እድሳት በኋላ የመጣ ከሆነ አሮጌው ድራይቨር ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ለመሣሪያው የሚስማማው እንደገና ይጫናል። ፎርማት ቦታው ከዚህም በኋላ ነው፤ ይኸውም የባለቤቱ ሰነድ በሌላ ዲስክ ላይ ተገልብጦ፣ መከፈቱም ተረጋግጦ፣ ባለቤቱም ፈቅዶ ሲሆን ብቻ ነው። «ካርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ በኋላ፣ በልኬት ተደግፎ የሚነገር እንጂ የምርመራ መነሻ አይደለም።

በመጨረሻም ይህ ሥርዓት በወረቀት ካልታሰረ ፍሬው ያንሳል። መሣሪያው ሲገባ በአንድ ጨዋታ፣ በአንድ የሥዕል ጥራት የተለካው የምስል ብዛት፣ ሙቀትና ዋት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ሲወጣም በዚያው ጨዋታ፣ በዚያው ጥራት የተለካው ከጎኑ ይጻፍ። ለውጥ ከሌለ ደንበኛው ያያል፤ ለውጥ ካለም ዋጋውን ሳያጉረመርም ይከፍላል። ከአጋርፋ ተነሥቶ ላፕቶፑን ታቅፎ ሮቤ የሚወርድ ተማሪ የባለሙያውን ብልሃት ሊመዝን አይችልም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ግን ሊያስተያይ ይችላል። የሙያው ክብርም የሚጠበቀው ደንበኛው ሊያረጋግጠው በሚችለው ነገር ነው።