የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?

ጥያቄው ከአድማጮች ስልክ ጠፍቶ አያውቅም። ልጇን ልትጠይቅ ወደ ዋሽንግተን የምትበር እናትም፣ ከዱባይ ለእረፍት የሚመጣ ወጣትም የሚያነሱት ያንኑ ነው፤ አብራሪው ሽበታም ቢሆን ይሻላል ወይስ ጎረምሳ?

ሕጉ ቁጥር አስቀምጧል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪዎችን የዕድሜ ጣሪያ ከ60 ወደ 65 ከፍ አደረገው፤ አሜሪካም በ2007 መጨረሻ ተከተለች። 60 የሞላው አብራሪ የጤና ምርመራው በየ6 ወሩ ነው። እንግዲህ የሚያሳስባችሁ ልቡና ዓይኑ ከሆነ፣ እሱን የሚከታተል ሐኪም አለ።

ሐኪም የማያየው ነገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2010 ሌሊት ከዱባይ የተነሳው የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ ቦይንግ 737 ወደ ሕንዷ ማንጋሎር ያመራ ነበር። ካፒቴኑ 55 ዓመቱ ነው፤ ከ10,000 ሰዓት በላይ በርሯል። የጋቢናው ድምፅ መቅጃ ግን ለረጅም ጊዜ የያዘው ማንኮራፋቱን ነበር። ሲነቃ አውሮፕላኑ ለማረፍ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ፣ ፈጥኖም ይሄዳል። ረዳት አብራሪው ማረፉ ቀርቶ እንደገና ሽቅብ እንዲነሱ ሦስት ጊዜ ተናገረ፤ መሪውን ግን አልተቀበለውም። ጎማው መሬት የነካው መንደርደሪያው ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከፊት ያለው ገደል ነበር። 158 ሰዎች ሞቱ፤ 8 ተረፉ።

እዚህ ላይ ሰውየውን የጣለው 55 ዓመቱ ነው? እንቅልፉ ነው፣ ከጎኑ የተቀመጠውም ይሉኝታ።

በስፔኗ ደሴት በቴነሪፍ የሆነውም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1977 የኔዘርላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ካፒቴን የ747 አብራሪዎች ዋና አሠልጣኝ፣ ፎቶው በድርጅቱ ማስታወቂያ የሚወጣ ዝነኛ ሰው ነበር። ጉም በሸፈነው ሜዳ ለመነሳት ሲንደረደር፣ የበረራ መሐንዲሱ በዚያው መንደርደሪያ ላይ የነበረው ሌላ አውሮፕላን ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀ። ወጥቷል አለ ካፒቴኑ፣ በእርግጠኝነት። መሐንዲሱም አልደገመ። ሁለቱ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። እኛ አገር ታላቅ ሲናገር ታናሽ አንገቱን ይደፋል፤ ያማረ ባሕል ነው፣ ማዕድ ላይ።

ከዚያ በኋላ ነው ታናሹ እንዲናገር፣ ታላቁም እንዲሰማ ማሠልጠን የመጣው፤ ዩናይትድ አየር መንገድ በ1981 ጀመረው። በ1989 የዚያው ድርጅት ዲሲ-10 መሪው ጨርሶ አልታዘዝ ሲል፣ የ57 ዓመቱ ካፒቴን አል ሄይንስ ከመንገደኞች መሐል የነበረ አሠልጣኝ ጋቢና ገብቶ የሞተሮቹን ኃይል እንዲቆጣጠር ፈቀደ። ከ296 ሰዎች 184ቱ ከሞት ወጡ። ሄይንስ ያን ሥልጠና ሲያመሰግን ኖረ። ሽበቱን አትቁጠሩለት፤ እሺ ማለቱን ቁጠሩለት።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሲከሰከስ ደግሞ ወሬው በተቃራኒው ነበር፤ ካፒቴኑ ልጅ ነው ተባለ። 29 ዓመቱ ነበር፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ። አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው የቦይንግ 737 ማክስ ሥርዓት የተሳሳተ መረጃ የተቀበለው ከአንድ መለኪያ ነው፤ 5 ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎችን የጨረሰውም እሱው። ይህን እያወቁ ዛሬም ዕድሜውን የሚያነሱ አሉ፤ ተዉ እንጂ።

ሰዓቱ እየገፋን ስለሆነ በአጭሩ፤ ስለ እንቅልፉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ 50 ሰዎች ከሞቱበት አደጋ በኋላ አሜሪካ የእረፍት ሕጓን ለወጠች፤ አብራሪው ሥራ ከመግባቱ በፊት 10 ሰዓት ማረፍ አለበት። የዕድሜ ጣሪያው 67 ይሁን የሚለውን የተወካዮች ምክር ቤቷ በ2023 አሳልፎት ነበር፤ በ2024 የጸደቀው ሕግ ግን 65ን አልነካም። ስለ ስኳር በሽታና ስለ አብራሪነት ፈቃድ የጠየቃችሁን በሚቀጥለው እንመለስበታለን፤ ዜናው ደርሷል።