ከአፈር የተሠሩት የማንዳኖች ቤቶች

በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ፣ የሚዙሪና የሃርት ወንዞች በሚገናኙበት በፎርት አብርሃም ሊንከን ፓርክ ብዙ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያየው የጦር አዛዡን የከስተርን ቤት ነው። ከስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ከዚህ ለውጊያ ወጥቶ አልተመለሰም። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ አካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ወደ ማንዳኖች መንደር ሂዱ እላለሁ።

ማንዳኖች በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ እያመረቱ እዚህ 200 ዓመት ገደማ ኖረዋል። ቤታቸው ክብ ነው፤ በወፍራም ምሰሶዎች ይቆምና በቅርንጫፍና በሣር ተሸፍኖ ላዩ በአፈር ይደፈናል። ብርዱ ሲበረታ ይሞቃል፣ ፀሐዩ ሲከር ይቀዘቅዛል። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ሴቲቱ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1781 ፈንጣጣ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጀ፤ የተረፉት ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ዛሬ የቆሙት ቤቶች እንደገና የተሠሩ ናቸው። ቢሆንም ግቡ፤ ከጣሪያው ቀዳዳ የሚወርደውን ብርሃን ቆማችሁ እዩት።