ነጭ ዓሣና መስከረም



የተሰጠኝ ርእስ «የውሃ ሀብትን በዘላቂነት መጠቀምን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር» የሚል ነው። ፕሮግራሙ ላይ ስለታተመ አልክደውም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ግን ከጣና ነጭ ዓሣ ጋር ነውና ወደዚያው ማዘንበሌ አይቀርም።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እዚሁ ተገኝተው እዚሁ ቀርተዋል። ግማሽ ያህሎቹ ሌላ ዓሣ እየበሉ ይኖራሉ። አፋቸው ውስጥ ግን አንድም ጥርስ የለም! የሚያኝኩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ አጥንት ነው። እዚህ ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ማውራት እችል ነበር።

ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ለቀው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ላይ ነው። ድሮ የሚጠብቃቸው የደንገል ታንኳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ፤ መረቡም ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ቁጥር በሦስት አራተኛ ያህል ማሽቆልቆሉን የታተመ ጥናት አሳይቷል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ መረቡ አዋጁን አላነበበም።

እንግዲህ ችግሩን እዩልኝ። ዓሣው ወንዝ ሲወጣ ተማሪው ቤቱ ነው፤ ስለ ውሃ ሀብት የሚያስተምረው ምዕራፍ ሲደርስ ደግሞ ወንዙ ጎድሏል። ስለዚህ ትምህርቱ ወደ መስከረም ይምጣ እላለሁ።

አንድ መስከረም ተማሪዎች ይዤ ጉማራ ወረድኩ። አንዲት ልጅ የዓሣውን ሆድ ስትከፍት ቢጫ እንቁላል መዳፏን ሞልቶ ፈሰሰ። «ይሄ ሁሉ ዓሣ ሊሆን ነበር?» አለች። ባለ መረቡ ሰምቶ ኖሮ፣ «ደጄ ድረስ የመጣውን ልመልሰው? ለልጄ ደብተር የምገዛው ይቺን ሸጬ እኮ ነው» አላት። ልጅቷ ዝም አለች፤ እኔም የምለው አልነበረኝም። ባሕር ዳር እስክንገባ አውቶቡሱ ውስጥ ሲከራከሩ ነበር፤ ግማሾቹ ከሰውየው፣ ግማሾቹ ከዓሣው ጋር። ከኔ ንግግር ይልቅ ያስተማራቸው ያ ክርክር ይመስለኛል።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው። የሐይቁን አረም፣ እምቦጭን፣ ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው፤ ለሱ ተናጋሪ አይጠፋም። ስለ ማስተማሪያ ዘዴው በአጭሩ፦ ማስመሪያ፣ ሚዛንና ደብተር ይበቃል። ተማሪዎች በየዓመቱ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ገበያ የዓሣውን ርዝመት ይለኩ፣ እንቁላል መያዝ አለመያዙን ይመዝግቡ፤ አዲስ ገቢዎቹ ካለፈው ዓመት መዝገብ ይቀጥሉ። የአስጋሪ ልጆች መረብ ስለሚያውቁ እነሱ ይምሩ። ፈተናው ከአንድ ጥያቄ አይለፍ፤ የሰውየው ደብተር ከየት ይገዛ?

ከትምህርት ቢሮው የምጠይቀው ጉማራ ደርሶ መልስ የአንድ አውቶቡስ ነዳጅ ነው። ማስመሪያውን እኔ እችላለሁ።