የመጋቢት ካርታ

ዛሬ ይህን ካባ የደረባችሁ ልጆቼ፣ ወላጆቻችሁ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ መቀመጣቸውን አይቻለሁና አላስረዝምም።

የጋበዙኝ ሰዎች በሪል እስቴት ልማት ውስጥ የሚጋጩ ጥቅሞች እንዴት እንደሚታረቁ ተናገር አሉኝ። ርዕሱን ስሰማ ሽምግልና ነው የታየኝ፤ አልሚው በአንድ ወገን፣ ነባሩ ነዋሪ በሌላው፣ ማዘጋጃ ቤቱ መሃል ላይ። እኔን ይህን ሙያ ያስተማረኝ ግን ካርቱም ነው። እዚያ ደግሞ ዋናው ባለጉዳይ ለሽምግልናው ተጠርቶ አያውቅም።

ወጣት ቀያሽ ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት በጥቁር ዓባይ ዳር፣ ጅሬፍ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ቦታ እንድለካ ላከኝ። ወሩ መጋቢት ነበር። ወንዙ ወርዷል፤ ዳርቻው ተሰነጣጥቋል፤ ሰው የለም። ዝቅ ብሎ የጡብ ምድጃ ይጨሳል፤ እሱ ግን ከተሰጠኝ ወሰን ውጭ ስለነበር ልቤን አልሰጠሁትም። ለካሁ፤ ችካል ተከልኩ፤ ካርታው መሃል ላይ «ባዶ ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ዕቃዬን ስሰበስብ አንድ ሽማግሌ ከአህያቸው ወርደው ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሳቁና «ልጄ፣ በነሐሴ ተመለስ» አሉኝ።

በነሐሴ ተመለስኩ። ችካሌ የነበረበት ቦታ ወንዝ ሆኗል። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ እኚያው ሰው በርጥቡ ደለል ላይ ባቄላና አትክልት ሲዘሩ አገኘኋቸው። ሱዳኖች እንዲህ ያለውን መሬት «ጀርፍ» ይሉታል፤ የሰፈሩም ስም የወጣው ከዚሁ ቃል ነው። ስሙን በየቀኑ እየጠራሁ ትርጉሙን አልጠየቅሁም ነበር። የተማረ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ያ ደለል ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከዚሁ ከእኛው ደጋ ነው። ጡብ ሠሪው ይቆፍረዋል፣ በቅርጽ ይመታዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይተኩሰዋል። የካርቱም ቀይ ጡብ ግድግዳ የጎጃምና የወሎ ማሳ ነው ብል አልዋሸሁም። እንግዲህ በአንድ የወንዝ ዳር ላይ ገበሬው አለ፤ ጡብ ሠሪው አለ፤ በጡብ ሠሪው ጭስ የሚያስለው ጎረቤት አለ፤ በረንዳውን ወደ ወንዙ ከፍቶ ቪላ መሸጥ የሚሻው አልሚ አለ። ወንዙም ራሱ አለ። አሁን በላዩ ላይ የእኛ የሕዳሴ ግድብ ተጨምሯል። ጎርፉን ይገራል ተብሎ ይጠበቃልና ለቤት ሠሪው እፎይታ ነው፤ ለጡብ ሠሪው ግን ደለሉ ጉባ ላይ ይቀርበታል። ጡብ ሠሪዎቹ ይህን ስጋታቸውን የተናገሩት ሙሌቱ ሳይጀመር ነው። የአንዱ እፎይታ የሌላው ሥራ ማጣት ሲሆን እኩል አካፍሎ መገላገል አይሠራም።

ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበትን ሙግራንን ልውሰድ። የነዳጅ ገንዘብ ካርቱም በገባበት በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካርቱም ግዛት ከዳል ግሩፕ ጋር ሆኖ በአልሱኑት ኩባንያ በኩል እዚያ አዲስ ከተማ ሊያቆም ተነሳ፤ የቢሮ ሕንፃዎች፣ ቪላዎች፣ የጎልፍ ሜዳ። ጎኑ ላይ ደግሞ የሱኑት ደን አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 ተከልሎ በ1939 የአዕዋፍ መጠለያ የተባለ፣ ክረምቱን ግንዱ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚያሳልፍ የግራር ደን ነው። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጮኹ። አልሚዎቹም ከተማው ሥራና ዘመናዊ ቢሮ ይፈልጋል አሉ፤ ውሸት አልነበረም። ክርክሩ ለዓመታት ሲጎተት ጥቂት ማማዎች ቆሙ። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ሰፈር የነበረው የታላቁ ናይል የነዳጅ ኩባንያ ማማ በእሳት ሲጋይ ዓለም አየው፤ ደኑንም ማገዶና ከሰል በላው። ማማውም ደኑም ሄዱ፤ ማን አሸነፈ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ወረቀት የሌለው ሰው ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ የሱዳን ሕግ ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው አለ፤ ሽማግሌው ባቄላቸውን ሳይነቅሉ በአንድ ሌሊት የሰው መሬት ላይ ያሉ ሆኑ። እኛም የከተማ ቦታን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ 47/1967ን እናውቃለንና በጎረቤት ላይ ጣት መቀሰር አያምርብንም። ካርቱም ዳር ባለው የተፈናቃዮች ሰፈር፣ ሶባ አራዲ ላይ፣ በግንቦት 2005 (እ.ኤ.አ.) ተፈናቃዮችን ለማስነሳት ሲሞከር ፖሊሶችም ነዋሪዎችም ሞተዋል። ስለሱ በዚህ የደስታ ቀን ብዙ አልልም።

ስለ ቱቲ ግን እላለሁ። ቱቲ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ያለች ደሴት ናት። ሕዝቧ በጎርፍ ወራት ዳርቻውን ተከፋፍሎ ሌት ተቀን ይጠብቃል፤ ውኃው ሲገፋ ወጣቱም ሽማግሌውም አፈርና ጆንያ ይዞ ይወጣል። «ታያ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1946ም በ1988ም ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሲደርስም አልተኙም። እ.ኤ.አ. በ2009 ድልድይ ተሠራላቸው። በድልድዩ በሽተኛ ሐኪም ቤት ይደርሳል፤ ደላላም ደሴቷ ላይ ይደርሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ ቦታ ገዝቶ የሚመጣው አዲስ ሰው በመንፈቀ ሌሊት ጆንያ ይዞ ይወጣል? ይህ በየትኛውም የአዋጭነት ጥናት ላይ የሚሞላበት ሣጥን አላየሁም።

አልሚ የምትሆኑት ልጆች ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ፦ «ጋሼ፣ የባንክ ወለድ ነሐሴን አይጠብቅም።» እውነት ነው። ቤት የሚጠብቀውም ብዙ ነው፤ ስለ ወፍ እያወራን ሰውን ሜዳ ላይ ልናሳድር አንችልም። ግን የነሐሴው ውኃ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ሲመጣ ወለዱን የሚከፍለው ገዢው ነው። ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ዋጋ ከመተመኑ በፊት፣ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት፣ መሬቱን በሁለት የተለያዩ ወራት እዩት፤ በየትኛው ወር ማን እንደሚመጣበት ጠይቃችሁ ጻፉት። ካሳ የምትተምኑትም ለቆመ አጥር ብቻ ሳይሆን ለዚያ ወር ይሁን።

ሩቅም አትሂዱ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሆቴል የሚያምርበት የጣና ዳርቻ የደንገል ቦታ ነው። ከደንገሉ ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ከናንተ መማሪያ ክፍል በእግር መንገድ ላይ ናቸው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ደንገል ቆራጩ ግን ይህን ማዕረግ ይዞ ማዘጋጃ ቤት ቢሄድ ይዞታ አያወጣበትም። ካርታችሁ ላይ ያንን ዳርቻ ምን ብላችሁ ትጽፉታላችሁ?

ያንን የጅሬፍ ካርታ ለድርጅቱ አላስረከብኩም፤ ሌላ ነድፌ ሰጠሁ። ሥራዬን ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። የመጀመሪያው ከእኔ ጋር ካርቱምን ለቅቆ ወጣ። ሽማግሌው የት እንደደረሱ አላውቅም። ካርታውን ግን ዛሬ ጠቅልዬ አምጥቼዋለሁ፤ ዲኑ ከፈቀዱ የልኬት ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። «ባዶ ቦታ» የሚለውን በላጲስ ብፍቀውም ቀለሙ አልለቀቀም፤ ከጎኑ በእርሳስ «ጀርፍ» ተብሎ ተጽፏል።