የአራሚስ ኖራ ምን ይመሰክራል?



አፈር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ማረሻንና ዘርን ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ማንም ስላላረሰው የአፋር ጥንታዊ አፈር ነው።

በደረቅ አገር ዝናቡ ጥቂት ስለ ሆነ በአፈር ውስጥ ያለውን ኖራ አጥቦ አይወስደውም። ውሃው ሲተን ኖራው እየረጋ ሽምብራ ወይም ዕንቁላል የሚያህል እንክብል ይሆናል። በእንክብሉ ውስጥ የሚገኘው ካርቦን የመጣው ከተክል ሥር ትንፋሽና ከብስባሹ ነው። ዛፍና ቁጥቋጦ ከባዱን ካርቦን 13 ይሸሹታል፤ የቆላ ሣር ግን ያን ያህል አይመርጥም። (ሣር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ስንዴና ገብስ በዚህ ጠባያቸው ከዛፎች ወገን፥ ጤፍና ማሽላ ከቆላው ሣር ወገን ናቸው።) ስለዚህ በዛፍ ሥር የረጋው ኖራ በመለኪያው ከዜሮ በታች ወደ 12 በሺህ ሲወርድ፥ በሣር ሥር የረጋው ከዜሮ ጥቂት ከፍ ይላል።

ክርክሩ የተነሣው በመካከለኛው አዋሽ፥ በአራሚስ ነው። አርዲፒቴከስ ራሚደስ የተባለው የሰው ዘር ጥንታዊ ዘመድ ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዶክተር ጊዳይ ወልደ ገብርኤልና ባልደረቦቻቸው ኖራውን ከእንስሳትና ከዕፀዋት ቅሪት ጋራ አመዛዝነው፥ አገሩ ዛፍ የበዛበት ነበር አሉ። በ2010 ደግሞ ቱሬ ሰርሊንግና ባልደረቦቻቸው ያንኑ ቁጥር መልሰው አንብበው፥ የዛፉ ጥላ ከመቶ 25 ወይም ከዚያ ያነሰ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ቁጥሩ ያው፤ ትርጓሜው ሌላ!

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሰው በሁለት እግሩ የቆመው ሣር ሜዳ ስለ ወጣ ነው የሚለው አሮጌ አሳብ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

እኛም በሁለት ተከፍለን ስንከራከር አመሸን። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፤ አንድ እንክብል ለመርጋት ብዙ መቶ፥ አንዳንዴም ሺህ ዓመታት ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዛፍና ሣር ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ኖራው የሚነግረን አማካዩን ነው። የጉሬዛ ዘመዶች አጥንት በአራሚስ በብዛት መገኘቱን ሊያፈርስ አይችልም፤ በሣር መካከል የዛፍ ጥግ የሚመርጥ እንስሳ ይኖራልና። የሰርሊንግን ስሌት ግን ንቆ ማለፍ፥ አንዳንዶቻችን እንደ ሞከርነው፥ አይገባም።

ከቆላ ወንዝ ዳር የለቀምናቸው የዛሬ ዘመን እንክብሎች ከጠረጴዛው ላይ አሉ። አሲድ ጠብ ስታደርጉባቸው ይፈላሉ፤ በላቦራቶሪ የሚለካው ያ የሚወጣው አየር ነው። የምትፈልጉ ቅረቡ፤ ልብሳችሁን ብቻ ጠብቁ።