ዙፋኑ ከዓባይ ማዶ



የዛሬው ዲስኩሬ ስለ አንድ ገደልና ስለ አንድ የመሬት ሥሪት ነው። ሁለቱ ተደጋግፈው የኢትዮጵያን ነገሥታት ሥልጣን እንዴት እንደወሰኑት ለማየት በጎጃም ያሉትን ቢቸናንና ሞጣን የሚያህል አገር የለም።

ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይነሣል። ጣና ገብቶ ይወጣና በምሥራቅ ወርዶ፣ በደቡብ ዞሮ፣ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ጎጃምን በሦስት ወገን ይከባል ማለት ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ገደሉ ከአፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይዘልቃል። የደጋ ሰው ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን አውልቆ በትከሻው ያንጠለጥላል፤ ከታች ያለው ንዳድና ወባ ነው። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ወንዙ ይሞላና መልካው ይዘጋ ነበር፤ እስኪጎድል ድረስ ግብር ሰብሳቢም ጦርም ሲራራ ነጋዴም ከማዶ ይቀር ነበር።

የጎንደር ነገሥታት ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ስለዚህ በ17ኛው መቶ ዘመን በድንጋይና በኖራ ሁለት ድልድዮች አሠሩ፤ አንዱን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ ሁለተኛውን ሞጣን ከበጌምድር የሚያገናኘውን። በደቡብ አሜሪካ የኢንካ ነገሥታትም የተራራ ገደላቸውን በሣር ገመድ ድልድይ ያያይዙ ነበር፤ እድሳቱ የአቅራቢያው መንደር ግዴታ ነበር። የእኛዎቹ ለዘመናት የሚቆይ ድንጋይ ተከሉ፤ ነገር ግን እንዲህ ላለ ረጅም ወንዝ ሁለት ድልድይ ምን ያህል ይበቃል?

ይሁን እንጂ ገደሉ ብቻውን ጎጃምን አልጠበቀም። ጦር በበጋ ይሻገር ነበር። እኔ ከገደሉ ይልቅ የጸናው ርስት ነበር እላለሁ። የአቅኚውን አባት ዘር ቆጥሮ ያረጋገጠ ሁሉ ከመሬቱ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። የንጉሡ ሹም ግብር ይቀበል ነበር እንጂ ገበሬውን ከርስቱ አይነቅልም ነበር። ከዓባይ ደቡብ ቃላድ የተባለው የመሬት መለኪያ ገመድ በተጣለበት አገር ስንቱ ባለ መሬት ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ ጎጃሜው ሰምቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ገመድ ይዞ እርሻው ላይ የቆመ ሰው ለእርሱ ጠላት ነበር።

መንግሥትም ይህን ተቀብሎ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ በሌላው አገር መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ ሲደለድል፣ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በቀድሞው ግብር እንዲቀጥሉ ተወ። በካርታ አንድ የሆነ ግዛት በግብር አንድ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ግን የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ግብሩ በምርት ላይ ነው ቢባልም ገማቾቹ ወደ ማሳ መምጣታቸው አልቀረም፤ ገበሬውም ለመገመት የመጣ ነገ ይለካል አለ። ሞጣና ቢቸና ዋነኞቹ የአመፁ ቦታዎች ሆኑ። ገበሬው አልከፍልም፣ ገማች አላስገባም አለ፤ መሣሪያ ያለው መሣሪያውን አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። የተገደለውንና ጎጆው የተቃጠለበትን ገበሬ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ጥያቄው በርስቴ አትምጡብኝ ከማለት አላለፈም ነበርና። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ዙፋኑ አውሮፕላን ይዞ እንኳ ከባለ ርስት ጋር መደራደር ግድ ሆነበት።

ወደ ሞጣው ድልድይ ልመለስ። በአርበኝነቱ ዘመን ጣልያን እንዳይሻገርበት መካከሉ እንደተሰበረ ይነገራል፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ነው። ጠላት ሄደ፣ ድልድዩ ግን ተሰብሮ ቀረ። ለአሥርት ዓመታት ሰው በገመድ ተሻገረ፦ ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፤ ከዚህ ማዶ ያሉት ወንዶች እየለቀቁ፣ ከዚያ ማዶ ያሉት እየሳቡ በጎርፉ ላይ አንጠልጥለው ያሳልፉታል። እህሉም ሸቀጡም እንዲሁ። ለገበያ፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ የሚሄድ ሁሉ ነፍሱን ለሳቢዎቹ ክንድ አደራ ይሰጥ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. የውጭ በጎ አድራጊዎች ከአገሬው ጋር ሆነው መካከሉን በብረት አያያዙት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የሁለቱንም ማዶ ግብር ለዘመናት የሰበሰቡት መንግሥታት ያንን ክፍተት ሳይደፍኑ ማለፋቸውን የታሪክ ጸሐፊዎቻችን እንደ ጦርነቶቹ ሁሉ በዝርዝር ሊጽፉት ይገባል። በገመድ የሳቡትም ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ ቃላቸው ሳያመልጠን ይቀዳ ዘንድ የሞጣንና የቢቸናን መምህራን እለምናለሁ።