የተወዛዋዥ ጉልበት ሕመምና አያያዙ

(በሞላሌ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



እስክስታ የትከሻ ጥበብ መሆኑን ያልሰማ የለም። ስለ ሀገራችን ውዝዋዜ የሚጽፉ ሰዎች ዐይናቸው የሚያርፈው ከወገብ በላይ ነው፤ ትከሻው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ደረቱ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚወድቅ፣ አንገቱ እንዴት እንደሚሰበቅ ይተርካሉ። ይሁን እንጂ ትከሻው እንደ ልቡ ይንቀሳቀስ ዘንድ ከታች ያለው አካል መጽናት አለበት፤ ይህንንም ሸክም የሚችለው ጥቂት ታጥፎ የሚቆየው ጉልበት ነው። ተወዛዋዡ ትከሻውን ሳያቋርጥ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ሲወርድ፣ ተንበርክኮ ወደ ኋላ ሲለጠጥ፣ ከዚያም በእጁ ሳይደገፍ ሲነሣ ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ በዚያች ደቂቃ በጉልበቱ ላይ ምን ያህል ጫና እንዳረፈ የሚያስብ ግን የለም።

ቋንቋችን ጉልበት በሚለው በአንዱ ቃል መገጣጠሚያውንም ኀይልንም ይጠራል። ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል፣ በሙያችን ዘንድ ጉልበቴን አመመኝ ማለት ጉልበት አነሰኝ እንደ ማለት ይቈጠራል። ወጣቱ ተወዛዋዥ ሕመሙን ከቡድን መሪው ይደብቃል። ክፍያው በየምሽቱ የሚታሰብ ከሆነማ አንድ ምሽት መቅረት የዕለት እንጀራን ማጣት ስለሆነ ቢደብቅ አይፈረድበትም። የዛሬው ንግግሬም ስለዚህ የተደበቀ ሕመም ነው።

በመጀመሪያ የጉልበትን አሠራር በአጭሩ ላስረዳ። የጉልበት ሎሚ የምንለው ክብ አጥንት በጭን አጥንት ፊት ለፊት ባለው ቦይ ላይ ይንሸራተታል፤ የጭን የፊት ጡንቻዎችም በእርሱ በኩል አልፈው ቅልጥምን ይስባሉ። ጉልበት በታጠፈ መጠን ሎሚው ወደ ጭን አጥንት የሚጫንበት ኀይል ይበረታል። በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት እንደ ተገመተው ይህ ኀይል በሜዳ ስንራመድ የሰውነታችንን ክብደት ግማሽ ያህል፣ ደረጃ ስንወጣ ከ3 እጥፍ በላይ፣ ቁጢጥ ብለን ስንነሣ ደግሞ ከ7 እጥፍ በላይ ይሆናል። እንግዲህ 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት በእስክስታ ወደ መሬት ወርዶ በተነሣ ቁጥር የጉልበቱ ሎሚ ከ400 ኪሎ የሚበልጥ ጫና ያገኘዋል ማለት ነው። ጉልበት ይህን ለመቻል የተፈጠረ አካል ስለሆነ ቍጥሩ ሊያስደነግጠን አይገባም። መጠየቅ የሚገባን በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ፣ በምን ዐይነት ወለል ላይ፣ ከምን ያህል ዝግጅት በኋላ እንደሚወረድ ነው።

ዛሬ በተሰበሰብንበት በመንዝ ምድር የሠርግ ዳስ ውስጥ ጭፈራ እንዴት እንደሚካሄድ ታውቃላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ወደ መካከል ይገባሉ፤ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላል። የገቡት ላብ ሲያሰምጣቸው ይወጡና ሌሎች ይተካሉ። ወለሉ አፈር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሣር ይጐዘጐዝበታል። ስለዚህ ማንም ሐኪም ሳያዝዘው ዕረፍት በጭፈራው ሥርዓት ውስጥ ተካትቶ ኖሯል። የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ፣ በኋላም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ግን ውዝዋዜያችን ወደ መድረክ ወጣ፤ ይህም ትልቅ ክብር አስገኝቶለታል። ነገር ግን ወደ መድረክ ስንወጣ ተራውን ዳሱ ውስጥ ትተነው ወጣን። ዛሬ በባህል ምግብ ቤቶች አንድ ቡድን የጎንደርን እስክስታ ጨርሶ ልብስ እስኪቀይር ብቻ ያርፍና ጉልበት ወደ ላይ እያነሣ ወደሚዘለልበት ወደ ጉራጌው ጭፈራ ይሻገራል፤ ወለሉም ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ድንጋይ ነው።

ከወገብ በላይ ብቻ መታየት የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ በክብ ቀለበቶች የሚጨፈር ጭፈራ አለ፤ በአሪዞና ፊኒክስ ከተማ ውድድር ይደረግበታል። ጨፋሪው ቀለበቶቹን በእግሩ ጫፍ ከመሬት እያነሣና በመካከላቸው እየሾለከ ንስር ወይም ቢራቢሮ ይሠራባቸዋል። ተመልካቹ ንስሩን ያያል፤ ከሥር በፈጣን እርምጃ የሚጐነበሰውንና የሚነሣውን ጉልበት ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ወደ መንዝ ልመለስ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዘፈንም ሠርግም የለም። በእነዚህ ሳምንታት የተወዛዋዡ ጭን ጡንቻ ይሰንፋል፤ ጅማቱም ለጫና የነበረውን ብርታት ይቀንሳል። ከዚያ በሰሙነ ሕማማት፣ በተለይም በስቅለት ዕለት፣ ስግደቱ በአንድ ጊዜ ይበዛል። ፋሲካ አልፎ የሠርጉ ወራት ሲገባ ደግሞ ቡድኑ በተከታታይ ቀናት ይጠራል። ብዙዎች ጉልበታቸውን የጎዳው ስግደቱ ወይም ጭፈራው ይመስላቸዋል። በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ምክንያት ከዕረፍት ወደ ከባድ ሥራ በድንገት መዝለሉ ነው። ስለዚህ በጾሙ ወራት ያለ ዘፈንና ያለ ከበሮ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ቤት ውስጥ ጡንቻን ማሠራት ይገባል፤ ይህን የሚከለክል ሥርዓት የለም። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጉልበትን በመጠኑ አጥፎ ለ45 ሰከንድ መቆየት፣ ሁለት ደቂቃ አርፎ እስከ አምስት ጊዜ መደጋገም፤ በጎን ተጋድሞ እግርን ቀስ ብሎ ማንሣት፤ በአንድ እግር ከዝቅተኛ ደረጃ በዝግታ መውረድ። የዳሌ ጡንቻም እንደ ጭን ጡንቻ መጠንከር አለበት፤ ዳሌ ሲደክም ጉልበት ወደ ውስጥ ይታጠፋልና።

የሀገሩ ብርድም አለ። በዚህ ደጋ በርኖስ ለብሶ ሲጠብቅ የቆየ ሰው በርኖሱን ጥሎ በቀጥታ ወደ መሬት መውረድ የለበትም፤ ዐሥር ደቂቃ ተራምዶና ተዘዋውሮ ሰውነቱን ያሙቅ። ለመንበርከክ ደግሞ የመንዝ በግ ጠጉር ከልብሱ በታች ትንሽ መደላድል ይሆናል። ይህ ሕመምን ባያድንም ጉልበት ወለሉን ሲመታ ያበርዳል።

ሕመሙ ከጀመረ ፈጽሞ መተኛትም ዝም ብሎ መቀጠልም ጥሩ አይደለም። መውረዱንና መዝለሉን ለጊዜው ትቶ በቆመበት እየተወዛወዙ ማገገም ይቻላል። በሥራ ጊዜ የሚሰማው ሕመም ቀላል ሆኖ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው፤ ካደረ ይቀነስ። ከመድረክ በፊት የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ መውጣትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ መንሥኤውን አያስወግድም፤ ሲደጋገምም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ስለ ወጌሻ አንድ ቃል ልናገር። በቅቤ መታሸት የደከመን ጡንቻ ያሳርፋል፤ ይህን የሚንቁትን አልደግፍም። ነገር ግን ጉልበቱ ተጠማዞ ወዲያው ያበጠበት፣ ታጥፎ የቀረበት ወይም እየከዳው የሚጥለው ሰው አይታሽ፤ አይጎተትም። ጉልበቱ ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ትኩሳት የያዘው ሰውማ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ከዚህ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መድረስ ይቻላል። የፊዚዮቴራፒ ትምህርትም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ስለሆነ ባለሙያዎቹን በመካከላችን ጋብዘን ብንሰማቸው እወዳለሁ።

በመጨረሻ ለአሠልጣኞችና ለቡድን መሪዎች የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ውዝዋዜ ስንቀምር የዳሱን ተራ ወደ መድረኩ እንመልሰው፤ ሁለቱ ሲወርዱ አራቱ ቆመው ይቀበሉ፤ በሚቀጥለው ዘፈንም ይለዋወጡ። በአንድ ምሽት እያንዳንዱ ሰው ስንት ጊዜ ወደ መሬት እንደሚወርድ አስቀድሞ ይቈጠር። ማኅበራችንም ከአሠሪዎች ጋር በሚነጋገርበት ጊዜ ጉልበቱን የታመመ ተወዛዋዥ እስኪያገግም ድረስ በጭብጨባና በተቀባይነት እንዲሰለፍ፣ የምሽቱም ክፍያ እንዳይጓደልበት በውሉ ውስጥ እንዲገባ ይጠይቅ ዘንድ ለዚህ ጉባኤ አቀርባለሁ።